የባዕድ አገር ሰው ስለ ቤታችን አኗኗር የሚናገረው

ሰው በገዛ ቤቱ የሚያደርገውን ነገር አያየውም። ጧት ለጎረቤቱ ስንት ጊዜ እንደምን አደርህ እንዳለ፥ ከመሶቡ ዙሪያ ማን አስቀድሞ እጁን እንደ ታጠበ፥ ቡናው ስንት ጊዜ እንደ ተቀዳ ቢጠየቅ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልገዋል፤ ልማዱ ከቁመቱ ጋራ አብሮ ያደገ ነውና። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያያል፥ ማታውኑም በደብተሩ ይጽፈዋል። የጻፈውም ግማሹ እውነት፥ ግማሹ ሳቅ፥ ጥቂቱም ስሕተት ይሆናል። እኛ ከፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራችን በተረፈን ጊዜ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማንበብ ስለምንወድ፥ ደግሞም በምንኖርበት በባኮ ከተማ አንድ ቻይናዊ እንግዳ መጥቶ ስለ ኑሯችን የተናገረውን ስለ ሰማን፥ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባብያን ጥቂቱን ለማካፈል አሰብን።

አስቀድመን ስለ ቀደሙት እንናገር። ዓመቶቹንም ራሳቸው በጻፉበት በኤውሮጳ አቈጣጠር እናመለክታለን። በ1520 ከፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገራችን 6 ዓመት ተቀምጦ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። በአንጎት ገዥ ቤት ግብዣ በተደረገላቸው ጊዜ ጥሬ ሥጋ ቢቀርብላቸው ፖርቱጋሎቹ ሊበሉት አልቻሉም። ከ250 ዓመት በኋላ የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ ጎንደርን አይቶ ተመለሰና በ1790 በ5 ክፍል የታተመ መጽሐፍ አወጣ፤ እሱም ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈውን የሎንዶን ሰዎች ሐሰት ነው ብለው ሳቁበት። እንግዲህ ጥሬ ሥጋችን አንዱን አስደነገጠ፥ ሁለተኛውን ሐሰተኛ አሰኘ ማለት ነው። ቍርጥ የሚወድ አንባቢ ይህን ሲሰማ የሚስቀው በማን እንደ ሆነ እኛ አናውቅም።

ከሁሉ ይልቅ እኛ የምንወደው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። በ1843 መጥቶ 3 ዓመት ያህል፥ አብዛኛውን ጊዜ በትግሬ አገር፥ እንደ አገሩ ሰው ለብሶ፥ ባዶ እግሩን ሄዶ፥ ጠጕሩን ቅቤ ተቀብቶ ኖረ። በ1853 ያወጣው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሲስቅ ራሱም ከሚሳቅባቸው ጋራ ተቀምጦ ነው፤ ቅቤው በገዛ አንገቱ ላይ ሲወርድ ያወቀ ሰው ስለ ቅቤ የሚናገረው ንግግር የተለየ ነው።

በእኛ በምዕራቡ አገር ያለፈው ደግሞ የሙስኮቡ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነው። በ1896 ከዐድዋ ድል በኋላ ከሙስኮብ ቀይ መስቀል ጋራ መጥቶ፥ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እስከ ባሮ ወንዝ ተጓዘ፤ በ1897ም መጽሐፉን አሳተመ። ይህ ሰው ጨዋታ አያበዛም፤ ወታደር ነውና ይቈጥራል፥ ይለካል። የኦሮሞን ቤት አሠራር፥ እርሻ፥ ጋብቻና ለቅሶ በጥንቃቄ ጻፈ። ኋላም የመኮንንነቱን ልብስ ጥሎ በአቶስ ተራራ መነኰሰ።

የጃንሆይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረ ጊዜ ጋዜጠኛ ሆኖ የመጣው እንግሊዛዊው ኤቭሊን ዎ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ፥ ደብረ ሊባኖስንም አይቶ ተመለሰና በ1931 መጽሐፍ አወጣ። ብዕሩ የተሳለ መሆኑን አንክድም፤ በገዛ አገሩ ሰዎችም ላይ ደኅና አድርጎ ይስቃል። ነገር ግን በሳምንት የሚቈጠር ጊዜ የተቀመጠውና 3 ዓመት የተቀመጠው የሚስቁት ሳቅ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከበር ቆሞ የሚስቅ ሰው ሳቅ ነው።

ከእኛም ወገን ይህን ሥራ የሠሩ አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ለመልእክት ወደ ጃፓን ተጕዘው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተሙ። እሳቸው በሩቅ ምሥራቅ ባዕድ ሆነው ያዩትን ለአገራቸው ሰው ጻፉ፤ ዛሬ ደግሞ የሩቅ ምሥራቅ ሰው መጥቶ እኛን ያያል።

ኢትዮጵያና ቻይና የመንግሥት ወዳጅነት የመሠረቱት ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይም በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ፔኪንግ ሄደው ከማኦ ጋራ ተገናኝተዋል። ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ የቻይና የእርሻ መምህራን በሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ሲያስተምሩ፥ መንገድ ሠሪዎቻቸውም በየአውራጃው ሲሠሩ ቈይተዋል። ስለዚህ ቀድሞ እንግዳ ሲያልፍ «ፈረንጅ!» እያሉ ይጮኹ የነበሩት የመንገድ ዳር ልጆች ዛሬ «ቻይና!» የሚል ሁለተኛ ቃል ጨምረዋል። ጃፓናዊም ቢሆን፥ የኮሪያ ሰውም ቢሆን ያው ቻይና ነው። ወላጆች ይህን ቢቈጡ መልካም ነበር፤ ሰው በአገሩ ስም ሲጠራ እንደ በሬ በመልኩ የተጠራ ይመስለዋል።

የእኛ እንግዳ የእርሻ መምህር ነው። አማርኛ በመጠኑ ይናገራል። ባኮ የመጣው በቆሎ ለማየት ነበር። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፥ አምቦን፥ ጌዶንና ኢጃጂን አልፎ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለች ቈላ ቀመስ ከተማ ስትሆን፥ የእርሻ ምርምር ጣቢያዋ በበቆሎ ዘር የታወቀ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው ቢ ኤች 660 የተባለው ዲቃላ ዘር በብዙ አውራጃ ተዘርቷል። ስለ በቆሎው ከባለሙያዎቹ ጋራ ብዙ ተነጋገረ፤ እሱን ለእነሱ እንተወዋለን።

መጀመሪያ ያሳቀው ስሙ ነው። በቻይና የቤተ ሰቡ ስም ይቀድማል፥ የሰውዬው ስም ይከተላል። የእንግዳ ማረፊያው ጸሓፊ ግን የመጀመሪያውን የራሱ ስም፥ ሁለተኛውን የአባቱ ስም አድርጎ መዘገበው። «እነሆ በባኮ የገዛ ራሴ አባት ሆንሁ» አለን። በእኛ ዘንድ የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለና የአያት ስም ከልጅ ልጅ በኋላ እንደሚጠፋ ስንነግረው አዘነልን፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ሰብ ስም እንዲኖር ደንግጎ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን እንዳልተወ ስንነግረው ደግሞ ሳቀ። ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ እንደምትኖር በሰማ ጊዜ ግን «በእኛም አገር እንዲሁ ነው» ብሎ ተደሰተ። የኤውሮጳ ሰዎች በዚህ ሲደነቁ እንሰማ ነበር፤ ለካ መደነቁ የሚወሰነው ተደናቂው ከወዴት እንደ መጣ ነው።

በዘመን አቈጣጠራችንም አልሳቀም። ፈረንጆች 13 ወር አላችሁ ሲሉ እንደ ተረት ያዩታል። ቻይናዊው ግን በአገሩ በጨረቃ በሚቈጠረው በጥንቱ አቈጣጠር በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ 13ኛ ወር እንደሚጨመር ነገረን። እኛም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ ስንማር ንኡስ ቀመር 19 ዓመት መሆኑን ያጠናን ነንና ይህን በሰማን ጊዜ እጅግ ደስ አለን። ሁለት ሕዝቦች ሳይተያዩ ወደ አንዲት ጨረቃ ተመልክተው አንድ ቍጥር ማግኘታቸው ነው።

ስለ ሰዓት ግን ጭንቅ ነበር። እኛ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ስንቈጥር ሌላው ዓለም ከእኩለ ሌሊት ይቈጥራል። ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር ነጋዴ በ3 ሰዓት ለሚሰማ ነገር ተቀጥሮ በገዛ ሰዓቱ 3 ሲሆን፥ ማለት በእኛ በ9 ሰዓት፥ ከረባቱን አስተካክሎ ሲገባ አይተናል። ችሎቱ ተነሥቷል፥ ባላጋራውም በደስታ ወደ ቤቱ ሄዷል። በእኛ አገር ግን ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ከአንድ ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ስለምትወጣ የቀኑን መጀመሪያ ከእርስዋ መቍጠር ምክንያት ያለው ነገር ነው፤ በሐዋርያት ሥራም ጴጥሮስ ከቀኑ 3 ሰዓት ነው ሲል የተናገረው እንደ እኛ ቈጥሮ ነው። እንግዳው አያቶቹ ቀንና ሌሊቱን በአንድነት በ12 ብቻ ይከፍሉ እንደ ነበር ነገረን። አንዱ ሰዓታቸው እንደ ዛሬው 2 ሰዓት ነበረ ማለት ነው። ለቀጠሮ የሚዘገዩ አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ሰምተው ወደዚያ አቈጣጠር እንዳይመለሱ እንፈራለን።

ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ አዎን ማለታችንም አስጨንቆት ነበር። የሚያነጋግረው ገበሬ በየአረፍተ ነገሩ መካከል አየር ሲስብ ባየ ጊዜ የልብ ሕመም ያለበት መስሎት ወንበር እንዲሰጡት ለመነ። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በስዊድን ሰሜናዊ ክፍል ያሉ ሰዎች እንዲሁ ትንፋሽ ስበው አዎን እንደሚሉ ሰምተናል፤ ስለዚህ ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም።

በገበታ ነገር ብዙ ተባለ። እንጀራ ሳሕን፥ ማንኪያና ምግብ በአንድነት መሆኑን አይቶ «እናንተ ገበታችሁን የምትበሉ ሕዝብ ናችሁ፤ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ዕድለኛ ነው» አለ። ሲያጐርሱት መጀመሪያ ደነገጠ፥ ኋላ ግን ገባው። በቻይናም ባለቤቱ ከወጡ ምርጡን በሁለት ቀጫጭን እንጨት አንሥቶ በእንግዳው ሳሕን ያኖርለታል። «እኛ ምርጡን እስከ ሳሕኑ እናደርሳለን፤ እናንተ እስከ ጕሮሮ ታደርሳላችሁ» አለ። ከምግብ በኋላ በምግብ ቤቱ ሁለት ሰዎች እኔ ልክፈል፥ እኔ ልክፈል ብለው ሲተናነቁ አይቶ «አሁንስ አገሬ የገባሁ መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። ስለ ጾም ግን ሊያምነን አልቻለም። ለምእመናን ሁሉ የተደነገገው ብቻ በዓመት 180 ቀን ያህል መሆኑን ስንነግረው ጣቱን እያጠፈ ቈጠረና ተወው።

ከሁሉ የሚያስቀው የውኃው ነገር ነው። ቻይናዊ ውኃ አፍልቶ ትኵሱን ይጠጣል። የተጋበዘበት ቤት ገብቶ «ሙቅ ውኃ ታመጡልኛላችሁ?» ሲል የቤቱ ልጅ የሰማችውን እንደ ልማዳችን ተረድታ ሳፋና ሳሙና ይዛ መጣች፥ እግሩንም ልታጥብ ተንበረከከች። እሱ እግሩን ሰብስቦ ሲቀመጥ፥ እርስዋ «አያፍሩ» እያለች ጫማውን ስትፈታ፥ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ነገሩ ከተገለጠ በኋላም አባ ወራው «ሙቅ ውኃ የሚጠጣ በሽተኛ ነው» ብለው የቀዘቀዘ የአምቦ ውኃ አስመጡለት። ከጐረቤት አገራችን ከአምቦ የሚመነጨውን ይህን የሚፈላ ውኃ አንድ ጊዜ ተጐንጭቶ በአፍንጫው አወጣው። ከዚያም በቅቤ የበሰለ ቡና፥ በኦሮምኛ ቡና ቀላ የሚባለው፥ ቀረበለት። ቅቤ ያልለመደ ሰው ፍሬውን በአፉ ይዞ የት እንደሚያኖረው ሲፈልግ ማየት ያሳዝናል፤ በጨዋነት ዋጠው።

እስካሁን የተናገርነው የሚያስቅ ነው። አንዱ ነገር ግን አላሳቀንም።

በዚያ ቤት ምሳ በቀረበ ጊዜ ወንዶቹ ከመሶቡ ዙሪያ ተቀመጥን። ዕድሜያቸው ወደ 60 የደረሰው የቤቱ እመቤት ማንቈርቈሪያ ይዘው ቆሙ፤ ልጃቸውም በጓዳው በር ቆማ እንጀራ ትጨምር ነበር። እንግዳው ዙሪያውን አይቶ «እናታችን መቼ ይበላሉ?» ብሎ ጠየቀ። አባ ወራው ፈገግ ብለው «እሷ ኋላ ትበላለች፤ ልማዳችን ነው» አሉ። ነገሩ በዚህ በቀረ ነበር። ነገር ግን በእንግዳው አገር ከገበታው የተሻለውን አስቀድሞ ለአረጋዊ ማቅረብ የጨዋ ልጅ ምልክት ስለ ሆነ፥ ከዶሮው ወጥ አንዱን ብልት መርጦ በእንጀራ ጠቀለለና ተነሣ። ያነሣው ፈረሰኛውን ነበር።

ፈረሰኛ የማን ድርሻ እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ለእንግዳው ግን የነገረው አልነበረም። ዶሮን 12 ብልት አድርጋ የምታወጣ ሴት፥ ያን አንዱን ለባሏ ስታኖር እንደ ኖረች እሱ በምን ያውቃል? እመቤቲቱ ወደ ኋላ ሸሽተው «አይሆንም ልጄ፥ አንተ ብላ» አሉ። በቻይና ግን የቀረበውን ሁለት ሦስት ጊዜ እንቢ ማለት ትሕትና ነው። ስለዚህ እንቢታቸውን እንደ ትሕትና ቈጥሮ ሁለተኛ ለመነ፥ ሦስተኛም ለመነ። እጁ እንደ ተዘረጋ ቀረ። እሳቸውም ወደ ባላቸው አንድ ጊዜ አዩና ከእጁ ጐረሱ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባ ወራው ወጡን ትክ ብለው ተመለከቱ፥ ቀጥለውም «አርባ ዓመት ለእኔ ሲቀመጥ የኖረውን በአንድ ቀን ወሰድህብኝ» ብለው ሳቁ፤ አጠገባቸው የነበረውን በርጩማ በእግራቸው ገፋ አድርገው ለሚስታቸው «በይ ተቀመጪ» አሉ። ተቀመጡ። ወጥ ለመጨመር ሁለት ጊዜ ተነሥተዋል፤ ሁለት ጊዜም ተመልሰው ተቀምጠዋል።

ማታ ይህ ነገር በጎረቤት ተሰማና ክርክር ሆነ። አንድ ሽማግሌ እንግዳው ቤቱን አዋረደ አሉ። የቤቱ ልጅ ደግሞ እንግዳው ያየውን እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ ሳየው ኖሬአለሁ ብላ መለሰች። እኛ ከሥራችን የተነሣ የሕጉን ነገር እናውቃለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተ ሰቡ አለቃ እንደ ሆነ፥ ሚስትም ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሕጉ ከፍርድ ቤት ደጅ ተነሥቶ እስከ መሶቡ ለመድረስ ግን መንገዱ የረዘመበት ይመስላል። ለእንግዳ ክብር ብሎ መቆምን እኛ አንነቅፍም፤ አብርሃምም ለእንግዶቹ ቆሟል። እንግዳ ግን በየቀኑ አይመጣም። እንግዳ በሌለበት ቀን ቆመው የሚውሉት ለማን ነው? በኦሮምኛ ሚስት «ሀዻ መና» ትባላለች፤ የቤት እናት ማለት ነው። በአማርኛም እመቤት እንላለን። እንዲህ ብለን የጠራናትን ሰው የተረፈውን ስናበላት፥ ስሙን ለማን እንደ ሰጠነው እንግዳው ቢጠይቀን መልስ አልነበረንም። ከሽማግሌው ጋራ በዚህ አልተስማማንም፤ እስከ አሁንም አልታረቅንም።

እንግዳው ከሄደ ከሳምንት በኋላ እመቤቲቱን በቡና ላይ አግኝተን፥ እሱ ስለ እኛ ብዙ ተናግሯልና እርስዎስ ስለ እሱ ምን አዩ ብለን ጠየቅናቸው። ጀበናውን ወደ እሳቱ እያስጠጉ እንዲህ አሉን፤

«ወጡን ሳይቀምሰው ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ለጕርሻው ሁሉ አመሰግናለሁ ይላል፤ ለወጡ አመስግኖ፥ ለውኃው አመስግኖ፥ ለምስጋና የሚበቃ አፍ ከየት እንዳመጣ አላውቅም። ሾርባ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል፥ ጣፍጦት ይመስለኛል። ዕድሜዬን ሳያፍር ጠየቀኝ፥ ላሞቹ እንደምን ሰነበቱ ብሎ ግን አንድ ጊዜ አልጠየቀም። ለውሻው ሰላምታ ሰጠ። ደግሞ የእናቱን ፎቶግራፍ አሳየኝ። እኔን ታክላለች። ሌላ ልጅ የላትም፤ የመንግሥታቸው ሕግ ለአንድ ቤት አንድ ልጅ ይል ነበር አለኝ።»

ያ ሕግ በኤውሮጳ አቈጣጠር እስከ 2015 የቈየ መሆኑን ነገርናቸው። እሳቸው ግን ስለ ሕጉ አልነበረም የሚያስቡት። አቦሉን ቀድተው ከሰጡን በኋላ ለራሳቸውም ቀዱና «አንድ ልጇን ወደ ሩቅ አገር የላከች እናቱ ዛሬ ከማን ጋራ ትበላ ይሆን? እስቲ ጠይቁልኝ» አሉን። እኛም ጥያቄያቸውን በደብዳቤ ጽፈን ልከንለታል፤ መልሱን ገና እየጠበቅን ነው።